መልስ፦ አላይመንት አልይዝ ላለ መኪና ርካሽ ቡሽ ያዋጣል?

ወንድሜ፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ባሠራህ በሳምንቱ መኪናው እንደገና ወደ ጎን እየሳበ፣ የፊት ጎማውም በውስጥ በኩል እየተበላ ስላስቸገረህ ርካሽ የብራቾ ቡሽ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ቡሹ ደግሞ በመጋጠሚያው የሚገባው ላስቲክ። ያዋጣል፤ ርካሽ ሁሉ ግን አንድ አይደለም።

መጀመሪያ ጥፋቱ የቡሹ መሆኑን አረጋግጥ። ብራቾውን በረጅም ብረት ነቅነቅ አድርገህ እየው። ላስቲኩ ከብረቱ ከተላቀቀ አልቆለታል። ቦል ጆይንቱንና (በብራቾው የጎማ በኩል ያለውን ኳስ መሳይ መጋጠሚያ) ቴስቲኒውንም (የመሪውን ዘንግ ጫፍ) በዚያው ፈትሽ።

ለዕለት ተዕለት መንዳት ጥሩ የላስቲክ ቡሽ ይበቃል። ፖሊዩሬቴን ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ቡሽ ጠንካራ ነው፤ ግን የመንገዱን ንዝረት ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ቅባት ካጣም ይንጫጫል። ቦል ጆይንቱም ካረጀ ቡሽ ተገጥሞለት የሚመጣውን ሙሉ ብራቾ ጠይቅ። ቡሹን በፕሬስ ተጭኖ የማስገባት የእጅ ዋጋ ስለሚቀር ብዙ ጊዜ እሱ ይረክሳል።

አንድ ነገር አደራ፦ የላስቲክ ቡሽ ብሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ እያለ አይጠብቅም። ጎማው መሬት ይዞ፣ ክብደቱ አርፎበት ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለቴ ገዝቻለሁ! ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር። አላይመንቱን ከዚያ በኋላ አሠራ።