ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ከእናንተ አንዱ፣ «ጋሼ፣ ሶላሩ ላይ መቶ ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ ታዲያ ለምን መቶ አይሰጥም?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር ደህና መልስ አልሰጠሁትም፤ ይኸው አሁን ልመልስ።

ያ መቶ የተለካው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው፤ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እየወረደበት፣ የሕዋሱ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የሶላር ፓኔሉ ክፍል) ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ። ሕዋሱ የተሠራበት ሲሊከን ብርሃን ይወዳል እንጂ ሙቀት አይወድም። ከ25 በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ቀትር ላይ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል መቶው ወደ 84 ይወርድበታል። እኛ ጋቢ ደርበን የምንሸሸው የደብረ ብርሃን ብርድ ለእርሱ ሲሳይ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ የገባኝ ግን ካፈርሁ በኋላ ነው። በወጣትነቴ ሁለት ፓኔሎች ጎን ለጎን ሰቅዬ፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አንዱን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ከፍ አደረግሁት። ከፍ ያለው በለጠ። ጮቤ ረግጬ ሪፖርት ጻፍሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገር ጣቱን በዝቅተኛው ፓኔል ላይ አሳልፎ አሳየኝ፤ ጫፉ በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ለካ ስሰቅል የወለወልሁት አንዱን ብቻ ኖሯል! ብልጫው የነፋሱ ይሁን የውልወላው ማን ይለያል? ሪፖርቱን ቀድጄ፣ ሁለቱንም አጥቤ፣ በየሳምንቱ ቦታቸውን እያቀያየርሁ እንደገና ለካሁ። ብልጫው አነሰ፤ ግን አልጠፋም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ቤል ላብራቶሪዎች የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ያሳየው ሕዋስ ከብርሃኑ 6 በመቶ ያህሉን ነበር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ከ20 በመቶ የሚያልፉ አሉ። ለዚያ ዓይነቱ ምርምር የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጃችሁ የለም። መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ግን አላችሁ። (ጭነት፣ ማለትም እንደ አምፖል ያለ ኃይል የሚወስድ ነገር፣ ሳታገናኙ ቮልት ብቻ ለክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚያ ላይ ነው።) መንዝ ውስጥ በውቂያ ሰሞን የሚቦነው ገለባ ስንት ዋት ይበላል? አንዲት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በአንድ ሕዋስ ላይ ጥላዋን ስትጥል በተርታ የተያያዙት ሌሎቹስ ምን ያህል ይዳከማሉ? ይህን የፓኔሉ ፋብሪካ አይለካላችሁም።

ከውቂያው በኋላ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። የተሳሳታችሁበትንም ገጽ አትቅደዱት፤ እኔ ያን ሪፖርት በመቅደዴ፣ ዛሬ ላሳያችሁ ብል የለኝም።