መርፌው ደሙን አላቆመልኝም

ጥያቄ፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ የሚበቅልበት ሕመም) አለብሽ ተብዬ የሦስት ወር መርፌ (ዴፖ) ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ሕመሙ ቀለል ቢልም ደሙ ጠብ ጠብ ማለቱን አልተወም። በጾም አይቡፕሮፌን ስውጥ ደግሞ ጨጓራዬ ይነድዳል። መርፌውን ልተወው? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ አይቸኩሉ። መድኃኒቱ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ስለሚያሳሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት እዚህም እዚያም ይደማል፤ አብዛኛውን ጊዜ መርፌው ሲደጋገም ይቀንሳል። በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ ለሁለት ሰዓት በተከታታይ ከሞላ ወይም ካዞረዎት ግን ዛሬውኑ ይታከሙ። በቅርቡ መውለድ ካሰቡ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ካቆሙት በኋላ ለመፀነስ አንድ ዓመት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። የአጥንት ጥንካሬንም ስለሚቀንስ ከሁለት ዓመት በላይ ለመቀጠል ምክክር ያሻል።

አይቡፕሮፌን የጨጓራን መከላከያ ስለሚያዳክም በባዶ ሆድ ይጎዳል። ቃጠሎው በሐኪም እስኪታይ ድረስ አይቡፕሮፌኑን ይተዉትና ጉበትዎ ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፦ ባለ 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራዎ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የጾሙን ነገር ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ማላላት አዲስ ነገር አይደለም።