ስለ ታሊኑ ኒጉሊስቴና ስለ አንቶኒዮስ ቻፕል ጠይቁኝ (ጥያቄና መልስ)

እሺ ጀምሩ። ከወዲሁ ግን፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ተሳስተሃል እንዳትሉኝ።

ቡናዬ፦ ጋሼ ቻፕሉ ለብቻው የቆመ ነው እንዴ?
መልስ፦ አይደለም። ኒጉሊስቴ ማለት ታሊን (የኢስቶኒያ ዋና ከተማ) ያለው የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተክርስቲያን ነው፣ ቻፕሉ (ትንሿ ጸሎት ቤት) እሱ ውስጥ ነው። በ1230 ገደማ ከጎትላንድ (ባልቲክ ባህር ላይ ያለ ደሴት) የመጡ ጀርመን ነጋዴዎች ናቸው ያቋቋሙት፣ ኒቆላዎስ ደግሞ የነጋዴና የመርከበኛ ጠባቂ ነው።

ዳኒ፦ እዛ አጽሞች የሚጨፍሩበት ስዕል አለ አሉ?
መልስ፦ አሁን መጣህልኝ! የሉቤክ (ሰሜን ጀርመን ያለች ከተማ) ሰዓሊ የበርንት ኖትከ ስራ ነው፣ የ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሸራ ላይ። የተረፈው ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከግራ ስትጀምር ሰባኪው ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ቀጥሎ አንዱ አጽም ቁጭ ብሎ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሳሪያ) ይነፋል፣ ሌላው ሬሳ ሳጥን ተሸክሞ ፖፑን ይጎትታል፣ ከዛ ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌዋ፣ ካርዲናሉ፣ ንጉሡ፣ በየመሀላቸው ሞት እየገባ እጃቸውን ይዞ። ከስር በድሮ የሰሜን ጀርመንኛ ግጥም አለ፣ ሞት ይጠራል ሰውየው ይለምናል። ንጉሡ ጋ ሸራው ተቆርጧል፣ ለኔ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሉቤክ የነበረው ተመሳሳይ ስዕል እኮ አልጋው ውስጥ እስካለ ህጻን ድረስ ይወርድ ነበር።

ሰላም፦ ታዲያ ከሉቤክ የመጣ ነዋ
መልስ፦ የሉቤኩ ስዕል አይደለም። እሱ የ1463 ነው፣ በ1701 በቅጂ ተተካ፣ ቅጂው ደግሞ በ1942 የአየር ድብደባ ተቃጠለ። ሌላ ስዕል ነው፣ ሌላ።

ሊቁነኝ፦ ታሊን ጥቁር ራሶች የሚባል ማህበር ነበር፣ ሐበሾች ናቸው?
መልስ፦ አይ። ያላገቡ ነጋዴዎች ማህበር ነው። ጥቁሩ ራስ የጠባቂያቸው የቅዱስ ሞሪስ ነው፣ ከላይኛው ግብጽ፣ ከቴብስ የመጣ ወታደር ይሉታል።
ሊቁነኝ፦ ግብጽ ከሆነ ያው የኛ ውሃ ጠጥቷል 😂
ቡናዬ፦ ወንድሜ ሁሉን ሐበሻ ካላደረግክ እንቅልፍ አይወስድህም?
ሊቁነኝ፦ አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ ፒክ መንገድ በራቸው ላይ ተቀርጿል ሄደሽ እዪው
መልስ፦ በሩ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወደ ቻፕሉ እንመለስ።

ማሂ፦ ፕሮቴስታንቶቹ እንዴት ሳያጠፉት ቀሩ?
መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። በ1524 ህዝቡ ተነስቶ ኦሌቪስቴን (ሌላ የታሊን ቤተክርስቲያን) እና የዶሚኒካኖቹን (የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም ሲሰባብር የኒጉሊስቴ ኃላፊ ቀድሞ የበሩ ቁልፍ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀለጠ እርሳስ አፈሰሰ (ብረቱን ነው፣ መጻፊያውን አይደለም)። መጥተው ቢያዩ ቁልፍ አይገባም፣ ተመለሱ። በመጋቢት 1944 ሶቪየቶች ሲደበድቡት ግን ህንጻው ነደደ፣ ቅርሱ አብዛኛው ቀደም ብሎ ስለወጣ ነው የተረፈው።

ዳኒ፦ ቅዳሴ አለ?
መልስ፦ የለም። ሙዚየምና ኮንሰርት አዳራሽ ነው።

ጆ፦ ኢስቶኒያ ቪዛ እንዴት ነው?
መልስ፦ ኤምባሲ ጠይቅ።

ኪዳን፦ ጋሼ 1463 ያልከው እኮ 1455 ነው
መልስ፦ ከላይ አንብብ።