አማካሪ ቦርድ መወሰን ይችላል?

እህቴ፣ እዚህ ጂማ የአማካሪ ቦርድ አባል ሆነሽ «የምናማክረው ጽሕፈት ቤት ቦርዱ ያለውን የመፈጸም ግዴታ አለበት ወይ?» ብለሻል። የማቋቋሚያ ደንቡ ወይም መመሪያው ለይቶ ሥልጣን ካልሰጣችሁ በቀር የለበትም። ደንቡን አውጪና እዪው፣ «ያማክራል» ነው የሚለው ወይስ «ያጸድቃል»? ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው!

ይህ ማለት ግን ዝም በሉ ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል።

ደግሞ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ በናትሽ። እኔ በነበርኩበት ቦርድ ስለ ቦኖ ውሃ ሦስት ስብሰባ ተከራክረን አንድም ገጽ አልጻፍንም፤ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ የምናሳየው ወረቀት አጣን። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምክራችሁን በደብዳቤ አድርጉት፣ መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ። ዘመድሽን የሚመለከት ጉዳይ ከመጣ ደግሞ ቀድመሽ ተናግረሽ ከስብሰባው ውጪ።