ባዶ ጀበና እና ሌሎች የፊልም ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ባለፈው «ጤዛ»ን እዩ ስላላችሁ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቴ ጋ ቁጭ ብለን ከፈትነው። እሱ ግማሽ ሰአት ሳይሞላው እንቅልፍ ይዞት ሄደ፣ እኔ እስከመጨረሻው አየሁት ግን እውነቱን ልናገር ግራ ነው የገባኝ። አንዴ ጀርመን፣ አንዴ አዲስ አበባ፣ ደሞ ተመልሶ ገጠር፣ ሰውየው እግሩን ምን እንደነካው ለማወቅ እንኳን ስንት ሰአት መጠበቅ አለብን? ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ፊልሙ? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ አንቺ ምንም አልሆንሽም፣ ባልሽም አይፈረድበትም፣ ሁለት ሰአት ከሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ቅዳሜ ማታ እራት በልቶ መጀመር ድፍረት ነው። ግን መዘበራረቁን ስህተት ነው ብለሽ ካየሽው ፊልሙ አመለጠሽ ማለት ነው። ሰውየው፣ አንበርብር፣ ጀርመን ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሰርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ ሲመለስ ትዝታው የተበጣጠሰ ሰው ነው፣ ሌሊት ሌሊት ይቃዣል፣ እናቱ ምን እንደሆነ አይገባትም። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ታሪኩን አንበርብር ጭንቅላት ውስጥ እንዳለው አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ ስለዚህ አንቺ ግራ ስትጋቢ እሱም ግራ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በአመቱ ደሞ ቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ ላይ ትልቁን ሽልማት ወስዷል፣ ለባልሽ ይሄን ንገሪው፣ ምናልባት ይነቃል።

እኔ ግን ፊልሙ የገባኝ በሽልማቱ አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ከአክስቴ ጋ ነበር። የመንደሩ ልጆች አፈሳውን ፈርተው ዋሻ ውስጥ ሚደበቁበት ቦታ ላይ ስንደርስ አክስቴ «እኛ ጎተራ ውስጥ ነበር ምንደብቀው» አለች፣ እንዲሁ በቀላሉ። ማንን ስላት ታናሽ ወንድሟን። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም ከታወጀ በኋላ ቀበሌዎች እየዞሩ ወጣት ሲለቅሙ እነሱ ልጁን ጎተራ ያስገቡታል፣ የጤፉ ብናኝ አፍንጫው ውስጥ እየገባ ያስነጥሰዋል፣ እናታቸው ደሞ ማስነጠሱ እንዳይሰማ ውጭ ቁጭ ብላ ሙቀጫ ትወቅጣለች፣ ሙቀጫው ውስጥ ምንም ሳይኖር። ይሄን ታሪክ በህይወቴ ሰምቼው አላውቅም፣ ፊልሙ ነው ያወጣው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፣ ባልሽን ተይውና በዛ ዘመን ወጣት ከነበረ ሰው ጋ ድገሚው፣ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ።

አፈሳው ካሳዘነሽ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «የበለስ ዛፍ» ፈልጊ፣ የአለምወርቅ ዳቪድያን ነው፣ በልጅነቷ ከኢትዮጵያ እስራኤል የሄደች ዳይሬክተር ናት። ጊዜው 1981 ዓ.ም፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሚና የምትባል ልጅ ቤተሰቦቿ ወደ እስራኤል ሊሄዱ ዝግጅት ላይ ናቸው፣ የምትወደው ልጅ ደሞ ከወታደሮቹ ይደበቃል። እዛ ዋሻ እዚህ ዛፍ፣ የአክስቴ ደሞ ጎተራ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 9 እና 12፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ። አማርኛ ይሰማሉ መናገር ላይ ሰነፍ ናቸው። አብረን ምናየው የኢትዮጵያ ፊልም ጠቁሙኝ፣ ጥይትና አልጋ የሌለበት። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፣ ልጆቹ ግን ይሄ አይገዳቸውም፣ በጓን ነው ሚወዷት። ኤፍሬም እናቱን በድርቅ አጥቶ፣ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ስራ ፍለጋ ይሄዳል፣ ከልጁ ጋ የቀረችው ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፣ አጎትየው ደሞ ለበአል ትታረድ ይላል። (የ9 አመቱ ሊያለቅስ ይችላል፣ ተዘጋጂ።)

እኔን የገዛኝ ግን ምግቡ ነው። ልጁ ማብሰል ይችላል፣ አጎትየው «የሴት ስራ» እያለ ይናደዳል፣ እሱ ሳምቡሳ ሰርቶ ገበያ ይሸጣል፣ ከበጓ ጋ ወደ ቤቱ ሚመለስበትን የመኪና ገንዘብ ለማጠራቀም። ስለ ወንድና ሴት ምናምን ንግግር ከሚደረግ ይልቅ ያንን ልጅ እያበሰለ ማየት ይበቃል። ካያችሁ በኋላ ሳምቡሳ መጠየቃቸው አይቀርም፣ ሊጡን ቀድመሽ አዘጋጂ፣ መጠቅለሉን ለነሱ ተይው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊልም ላይ ለምንድነው ሰው ሁሉ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሚያለቅሰው? ባለፈው ወር አራት አየሁ፣ አራቱም አንድ ሳሎን ውስጥ የተቀረጹ ነው ሚመስሉት። (ከባህር ዳር)

መልስ፦ ሳቅኩ፣ ወንድሜ። ሶፋው የገንዘብ ጉዳይ ነው፣ አንድ ቪላ ለጥቂት ቀን ተከራይተህ ግማሹን ፊልም እዛው ትጨርሳለህ፣ መንገድ ላይ ብትወጣ ባጃጁ ጡሩምባ ይነፋብሃል፣ ህዝቡ ካሜራ ለማየት ይሰበሰባል፣ ድምፁ ይበላሻል። በዚህ አልጣላቸውም፣ ሳሎን ውስጥም ጥሩ ፊልም ይሰራል። ምጣላቸው ሰዎቹ ምንም ሳይሰሩ ስለሚያወሩ ነው። እኛ ሀገር ሰው ሲጣላ እኮ እጁ ስራ አይፈታም፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ነው ሚሰዳደበው፣ ምስር እየለቀመች ነው እናትህ ልብህን ምትሰብረው።

ባለፈው ሳምንት ያየሁት ላይ (ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹ ለፍተዋል) ባልና ሚስት ሊፋቱ ነው፣ ትልቁ ትእይንት ነው፣ ሙዚቃውም እያለቀሰ ነው። እሷ ቡና ልትቀዳ ጀበናውን አነሳች። በሁለት ጣት! ቡና የሞላ ጀበና እንዴት እንደሚነሳ ማንም ያውቃል፣ እጅ ይከብደዋል፣ ጎንበስ ትያለሽ፣ እንዳያቃጥል ጨርቅ ትይዣለሽ። ይቺ እንደ እስክሪብቶ አነሳችው፣ ሲኒው ላይም ምንም አልወረደም፣ ባልየው ግን ፉት አለና «መረረኝ» አለ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ «ምኑ?» አለች ጮክ ብላ፣ ሲኒማው በሳቅ ፈረሰ፣ ፍቺውን ያዘነለት የለም።

ቡና ማፍላቱ ከከበዳቸው ውሃ ይጨምሩበት።