ዘይቱንና ጨውን የሚለካልሽ መጽሐፍ ያዢ

ከባሕር ዳር የጻፍሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ ደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ወዲህ ቤት ውስጥ ጤናማ ምግብ መሥራት እንደምትፈልጊ ገልጸሽ፣ «የትኛውን የምግብ መጽሐፍ፣ የትኛውን ቻናል ትጠቀማላችሁ?» ብለሻል። ብዙዎች የቻናል ስም ደርድረውልሻል። እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ስመግብ የኖርኩበትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ መመዘኛዬን ልናገር። አንድ የምግብ አሠራር ዘይቱንና ጨውን በልክ ካልነገረኝ፣ ጤናማ ነው ቢለኝም አላምነውም። የእኛ ምግብ በጥሬ ዕቃው ምን ይወጣለታል? ጤፍ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን። ችግሩ ድስቱ ላይ የሚንቆረቆረው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ቪዲዮ ላይ «ትንሽ ዘይት ጠብ እናደርጋለን» እያሉ ጠርሙሱን ሲዘቀዝቁት አይተሽ የለ? ያ «ጠብ» ቢለካ ግማሽ ኩባያ አያጣም፤ ወደ 950 ካሎሪ ማለት ነው። ቻናሎቹን ግን ሙሉ በሙሉ አትተዪ። የእጅ ሥራ ለማየት፣ ለምሳሌ አብሲቱ ሲጣል ወይም ሊጡ ሲቀጥን ምን እንደሚመስል ለማወቅ፣ ከመጽሐፍ ቪዲዮ ይሻላል። ልኩን ብቻ ከእነሱ አትውሰጂ።

ወደ መጽሐፍ ስንመጣ፣ ቤቴ ያለውና ገጹ ቅባት በቅባት የሆነው የዳንኤል መስፍን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1987 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በአሜሪካ። ተሻሽሎ በወጣው እትም 178 የተሞከሩ አሠራሮች አሉት። እኔ የምወድለት ግን የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ስላለው ነው። ሁሉም በኩባያና በማንኪያ የተለካ ነው። ቅቤው ይበዛል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ የድግስ ልክ ነው። ግን የተለካን ነገር መቀነስ ቀላል ነው። ኩባያ ያለውን ወደ ሩብ ታወርጂዋለሽ፣ ያልቃል። «እንዳስፈላጊነቱ» የሚለውን ከየት ጀምረሽ ትቀንሺዋለሽ?

ሁለተኛው ሩት ሴሊነስ የምትባል ስዊድናዊት ስለ መካከለኛው የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ምግብ በ1971 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያወጣችው ጥናት ነው። ያኔ ስዊድኖች ከመንግሥታችን ጋር ሆነው በአዲስ አበባ በሕፃናት ሥነ ምግብ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ፋፋ የመጣው ከዚያ ሥራ ነው። ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ለማማር የተጻፈ አይደለም። ግን እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቁ ሲያቁላሉ የነበረውን ዓይነት ነገር ፈረንጅ ቁጭ ብሎ ሲመዘግበው ማየት ደስ ይላል። እኔ አሁን ሁሉንም ወጥ እንዲያ ነው የምሠራው። ሽንኩርቱ ራሱ ውሃ ያወጣል፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ትጨምሪያለሽ፤ ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ በኋላ ይገባል። ጣዕሙ አይጎድልም።

የሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስም መጽሐፍ ጥሩ ነው። ፎቶው ለብቻው ያስጎመጃል። እኔ ለእንግዳ ምግብ እንጂ ለዕለት ተዕለት አልከፍተውም።

ከማብሰያ መጽሐፍ ሌላ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ነው። የአገራችን እህልና ጥራጥሬ በ100 ግራም ምን ያህል ፕሮቲን፣ ብረትና ካልሲየም እንዳለው ያሳይሻል። ሁለተኛው በ2022 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በእኛ 2014 የወጣው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ ነው። አሠራር አያስተምሩም። ግን ሳምንቱን ስታቅጂ ምን እንደጎደለሽ ይነግሩሻል። እኔ ዳጉሳን ወደ ጤፍ መቀላቀል የጀመርኩት ካልሲየሙን ሠንጠረዡ ላይ ካየሁ በኋላ ነው። የምዕራብ ጎጃም ሰው ሲበላው የኖረውን እኛ «የድሃ እንጀራ» እያልን ንቀነው ነበር።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ የውጭ መጽሐፍ ላይ ያለ ሰዓት እዚህ አይሠራም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። እናንተ ጋ ባሕር ዳር ወደ 94 ይጠጋል። ስለዚህ መጽሐፉ «45 ደቂቃ» ያለው ባቄላ በሰዓቱ ካልበሰለ ባቄላውን አትርገሚ። ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ ፕሬዠር ካለሽም ተጠቀሚ። ከሰልም ይቆጥብልሻል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ጉዳይ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆኑ ነው። ይሄ እንግዲህ ዳቦው፣ ወጡ፣ ሰላጣው ሁሉ ተደምሮ ነው። የትኛውም መጽሐፍ የማይነግርሽ ደግሞ አለ። በርበሬያችን ሲደለዝ ጨው ይገባበታል። ምጥን ሽሮም ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወጡ ሲወርድ «ጨው ቀረው» ብለን እንጨምራለን። ከገበያ የተፈጨ ከገዛሽ ምን ያህል እንዳለው አታውቂም። ስለዚህ ዛላውን ገዝተሽ ራስሽ አዘጋጂ። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ እጅሽ ላይ እያለ የተፈጨ መግዛት ምን ያደርጋል? ቀንጥሰሽ፣ በደንብ አድርቀሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን እንደ ልማድሽ። ጨው ግን ፈጽሞ አይግባ። ሽሮውንም እንደዚሁ አስፈጪ። ከዚያ በኋላ ጨው የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ድስቱ ላይ፣ በማንኪያ። ጨውሽ አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው፤ ዕቃውም ይከደን። አዮዲኑ በእሳት ስለሚቀንስ ነው። እንቅርት በእኛ ደጋ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ ሰሞን ቤቱ ሁሉ «አልጫ ሆነ» ማለቱ አይቀርም። ሎሚ፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝ፣ ሰናፍጭ አፉን ያታልሉታል። የጮቄ ጦስኝ ገበያ ላይ ካገኘሽ ሻይ ላይ ብቻ አትጨርሺው፤ ምስር ላይም ይሄዳል።

ትልቁ መጽሐፍ ግን የሑዳዴ ማዕድ ነው ብል አጋነንሽ አትበይኝ። ስልጆ አለ፣ እልበት አለ፣ አዚፋ አለ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት አለ። አብዛኞቹ የተጨመረ ዘይት አይፈልጉም፤ ቅባታቸው ከራሱ ከሱፉና ከተልባው ነው። ዘመናዊው የጾም ምግባችን ደግሞ ምንድን ነው? ጥብስ ድንች፣ ሳምቡሳ፣ በዘይት የሚዋኝ ፓስታ። ጾም እየጾምን እንወፍራለን! እልበት እንዴት እንደሚመታ የሚያውቅ ሰው በሰፈርሽ ፈልጊ። እኔ ከአማቴ ነው የተማርኩት። እሳቸው በእጅ ልክ ነው የሚሠሩት፤ «ይሄን ያህል» ብለው ጭብጥ ያሳዩሻል። እኔ ጭብጡን ሚዛን ላይ አሰፈርኩትና ደብተር ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያ ሳቁብኝ። አሁን ምራቶቻቸው ሁሉ ደብተሩን ፎቶ አንስተው ይዘውታል።

ግብጦ የሚባለውን መራራ ጥራጥሬም አትርሺ። የጎጃምና የአዊ ሰው ቆሎና ሽሮ ያደርገዋል፤ አረቄም ይወጣዋል፤ እሱን ለባለቤትሽ አላዝም። ክብደቱ ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የማብሰያ መጽሐፍ ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም። ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምሬቱ መርዛማ ነገር ስላለው ነው። ቆልተሽ ለቀናት ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ውሃውን ደጋግመሽ ትለውጫለሽ። እናቶች ወንዝ ውስጥ የሚያሳድሩት በከንቱ አይደለም። ቀምሰሽ ምሬት ጨርሶ ከሌለው በኋላ ብቻ ይበላል። ካልተማመንሽ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሥሪ።

ስለ ቡናው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ከተጠጡ የጤፉንና የምስሩን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ሰዓት ያህል ይቆይ። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛሉ። ይሄ በተለይ ለአንቺና ለልጆቹ ነው።

አንቺ ከሁላችንም የምትበልጪበት ነገር ጣና አጠገብሽ መሆኑ ነው። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ በዘይት ከምትነክሪው በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በምድጃ ጋግሪው፣ ወይም ወጥ አድርጊው። እኛ እዚህ ትኩስ አሳ ስናገኝ ሰርግ ነው።

ባቄላውን፣ ድንቹን፣ ጎመኑን ከማብዛትሽ በፊት ግን ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ኩላሊቱ ደህና ነው ወይ? ፖታሲየም ስላላቸው ለግፊት ጥሩ ናቸው፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ልካቸው ይለያል። መድኃኒቱንም ምግቤ ተስተካክሏል ብሎ እንዳያቋርጥ።

የበርበሬውን ልክ ከደብተሬ ልጽፍልሽ እችላለሁ። ስንት ኪሎ ዛላ እንደምታዘጋጂ ብቻ ንገሪኝ፤ ቅመሙን በዚያ አስልቼ እልክልሻለሁ።