ሙቀት፣ ጋዝና ጠጣር፦ ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ የዋለ አምቦ ውሃ ሲከፈት ለምን ገንፍሎ ይፈስሳል?

መልስ፦ የአምቦ ውሃን አረፋ የሚሰጠው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። በተራ ግፊት አንድ ሊትር ውሃ 0 ዲግሪ ላይ 3.3 ግራም ገደማ ሲይዝ፣ 20 ዲግሪ ላይ የሚይዘው 1.7 ያህል ነው። ጠርሙሱ ሲሞቅ ጋዙ ከውሃው እየወጣ ክዳኑ ስር ይታመቃል። ክዳኑ ሲነሳ ግፊቱ በአንዴ ስለሚወርድ የቀረውም አረፋ ሆኖ ይፈነዳል። አቀዝቅዘህ ክፈተው።

ጥያቄ፦ መምህራችን «ጠጣር ሲሞቅ ይበልጥ ይሟሟል» ብሎ አለፈው። ሁሌም ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የትኛው ጠጣር ብለህ ጠይቅ። 100 ግራም ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 204 ግራም ገደማ ስኳር ያሟሟል፤ 100 ዲግሪ ላይ 487 ይደርሳል። የገበታ ጨው ግን በዚያው ልዩነት ከ36 ወደ 39 ግራም ብቻ ነው ፈቀቅ የሚለው። ኖራማ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው፦ ውሃው ሲሞቅ መሟሟቱ ይቀንሳል። ፈተና ላይ «አብዛኛው ጠጣር» በል እንጂ «ሁሉም» አትበል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጨው በፈላ ውሃ ቶሎ ሲጠፋ የማየውስ?

መልስ፦ ቶሎ መሟሟትና ብዙ መሟሟት ለየቅል ናቸው፤ ሙቀት ጨው የሚሟሟበትን ፍጥነት እንጂ የሚሟሟውን መጠን እምብዛም አይጨምርም።

ጥያቄ፦ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ነገር ይጋገራል። ጨው ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ካልሲየም ተሟሙቶ የሚቆየው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ነው። ሲፈላ ጋዙ ይወጣል፤ ካልሲየሙም መሟሟት ያቅተውና ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ጋዙ ሄዶ ጠጣሩ ቀረ ማለት ነው። ሎሚ ወይም አቼቶ ያለበት ውሃ አፍይበትና ጥቂት አቆይው፤ ይለቃል።

ጥያቄ፦ የኩሬዬ ዓሦች በሞቃት ወቅት ንጋት ላይ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ። ሙቀቱ ነው?

መልስ፦ በከፊል ነው ጋሼ። በባሕር ጠለል ከፍታ አየር የጠገበ ውሃ 20 ዲግሪ ላይ በሊትር 9.1 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ 7.6 ብቻ። ደጋ ላይ ከሆኑ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ከዚህም ያንሳል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ሩብ ያህል ይጎድላል። ዓሣ ደግሞ ውሃው ሲሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ይሁንና ሰዓቱ ንጋት መሆኑ ሌላም ነገር ይጠቁማል፦ ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ቀን ኦክስጅን ሲሰጥ ይውልና ሌሊት እሱም ኦክስጅኑን እየወሰደ ይተነፍሳል። ስለዚህ ኦክስጅኑን ቀትር ላይ ለክተው «ደህና ነው» እንዳይሉ፤ ጎህ ሲቀድ ይለኩ። እስከዚያው የማታውን መኖ ይቀንሱ፤ ፓምፕ ካለዎት ሌሊቱን ውሃውን ከላይ እየረጨ ይደር።